ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን፦ እስከ መጨረሻው ግማሽ ሰዓት ድረስ አሪፍ፣ ከዚያስ?

በዚህ ፊልም ላይ የተደረገውን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈተው የባሕር ዳር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቶ በቀጣዩ ዓመት አራት ኦስካር የወሰደው የኮኸን ወንድማማቾች የወንጀል ፊልም ለምን ይህን ያህል እንደተወደሰ ግማሹ ገብቶታል፣ ግማሹ አልገባውም። ታሪኩ ባጭሩ፦ ሞስ የተባለ ሰው የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ከተጨራረሱበት ቦታ ገንዘብ ያገኛል፤ ነፍሰ ገዳዩ ሺጉርና የሜክሲኮ ወንበዴዎች ያሳድዱታል፣ ሸሪፍ (የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ) ቤል ደግሞ ከኋላቸው ይከታተላል። ጠያቂው የወደደውን ነው ያስቀደመው። ሺጉር የነዳጅ ማደያውን ሽማግሌ በሳንቲም ሲያስጨንቀው፣ ሞስ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ መብራት አጥፍቶ ከበሩ ሥር የሚገባውን ብርሃን ሲጠብቅ፣ ያለ ሙዚቃ ልብ የሚሰቅለው ዝምታ። ከዚያ ቅሬታውን አስከተለ። አንድ ሰዓት ተኩል እግር በእግር የተከተልነው ሞስ ሲሞት አናይም፤ የምናየው ሬሳውን ነው። ሞስ ያለበትን ቦታ የሚጠቁመውን መሣሪያ ከገንዘቡ መሀል አግኝቶ አውጥቶታል፤ ታዲያ ሜክሲኮዎቹ ኤል ፓሶ ድረስ በምን ደረሱበት? ገዳዩ ሳይያዝ ደግሞ ሸሪፍ ቤል ለሚስቱ ሕልም ያወራና ስክሪኑ ይጠቁራል። በመጨረሻም ንግግሩ በደንብ እንደማይሰማና ሰብታይትሉ እየዘገየ እንዳስቸገረው ጠቅሶ፣ የሳትኩት ነገር አለ ወይስ ፊልሙ ከልክ በላይ ተወርቶለታል ሲል ጠየቀ። ከዚህ በታች ብዙ ቁም ነገር የተጻፈው ጥያቄው እንዲህ ተለይቶ ስለቀረበ ነው ብዬ አምናለሁ።

መልስ 1 ከደብረ ማርቆስ ነው፤ ወንድሜ ብሎ በአክብሮት ይጀምራል። ስለ መጨረሻው ለመናገር አልቸኮለም፣ ማደያው ላይ ቆየ። ሺጉር የበላውን የካሹ ለውዝ ላስቲክ ጨምድዶ ባንኮኒው ላይ ያኖረዋል። እጁን ሲያነሳ ላስቲኩ እየተንኮሻኮሸ ቀስ በቀስ ራሱን ይዘረጋል፤ ካሜራውም ፊት ትቶ ላስቲኩ ላይ ይቆያል። በዚያ ክፍል ጥይት አልተተኮሰም፣ መሣሪያም አልተመዘዘም፤ አደጋው ሁሉ የገባው እዚያ ላስቲክ ውስጥ ነው ይላል ጸሐፊው። ቀጥሎ ሳንቲሙን አነሳ። ሺጉር የ1958 ሳንቲም መሆኑንና እዚህ ለመድረስ 22 ዓመት እንደተጓዘ ለሽማግሌው ይነግረዋል። ስለዚህ ዘመኑ 1980 ነው፣ በእኛ 1972 ዓ.ም.። ዘመኑ በትልቅ ጽሑፍ ሳይለጠፍ በሳንቲም አፍ መነገሩን ነው ያደነቀው፤ ልክም ነው።

መልስ 2 በአንድ መስመር ከጠያቂው ጋር ተስማምቶ ሄደ።

መልስ 3 ከሞጣ ነው፤ የሴራ ቀዳዳ አለ የተባለውን ደፈነው። ሜክሲኮዎቹ ሞስን ያገኙት በመሣሪያ አይደለም። የሞስ ሚስት ካርላ ጂንና እናቷ ወደ ኤል ፓሶ ሲሄዱ፣ ጥሩ የለበሰ አንድ ሜክሲኳዊ ሰው የአሮጊቷን ሻንጣ ሊሸከምላት ይጠጋል። አሮጊቷ በምስጋናዋ መሀል ወዴት እንደሚሄዱ ትነግረዋለች። ትዕይንቱ በጣም አጭር ነው፤ እናትየዋ ከመጀመሪያው ጀምሮ በምሬቷ የምታስቅ ሴት ስለሆነች ተመልካቹ ለቀልድ የገባ መስሎት ያልፈዋል። ሞስን የገደለችው ያቺ የምስጋና ወሬ ናት።

መልስ 4 መልስ 3ን ሳይቃወም አሟላው። ካርላ ጂንም በዚያው ሰሞን ለሸሪፍ ቤል ደውላ ባሏ ወዴት እንደሚሄድ ነግራዋለች፤ ቤል ሞቴሉ የደረሰውም ለዚህ ነው። እናትና ልጅ አንዱን አድራሻ ለሁለት ወገን ሰጡ፤ አንዷ ሳታውቅ፣ ሌላዋ ባሏን ለማዳን። ቀድሞ የደረሰው ግን ገዳዩ ወገን ነው። ይህን ያየ ሰው የሞስ አሟሟት ድንገት የመጣ ነው ሊል አይችልም ሲል ደመደመ።

እዚህ ላይ ጨዋታው ወደ ቴክኒክ ዞረ። በእኔ አስተያየት ጠያቂው በቀጥታ ያልጠየቀው፣ ግን አብልጦ የጠቀመው ይህ ክፍል ነው።

መልስ 5 ከፍኖተ ሰላም ነው፤ ሰብታይትል በመሥራት የኖረ ሰው እጅ ያስታውቃል። መጀመሪያ በሽታውን ለዩ ይላል። ሰብታይትሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእኩል መጠን፣ ለምሳሌ በሁለት ሰከንድ፣ የሚዘገይ ከሆነ ችግሩ መነሻው ላይ ብቻ ነው፤ ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ ጂ እና ኤች የሚባሉትን ፊደላት በመጫን በ50 ሚሊ ሰከንድ በ50 ሚሊ ሰከንድ ማስተካከል ይቻላል። ሲጀምር ደህና ሆኖ እየቆየ በሄደ ቁጥር የሚብስ ከሆነ ግን ጂና ኤችን መነካካት ከንቱ ነው፤ አሥር ደቂቃ ሳይቆይ እንደገና ይፈልሳል። ምክንያቱ የፍሬም ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ የሚታዩት ነጠላ ምስሎች ብዛት ነው። ፊልሙ በሰከንድ 23.976 ፍሬም ሲሄድ 122 ደቂቃ ይፈጃል። ለአውሮፓ ቴሌቪዥን ተብሎ ወደ 25 ፍሬም የተፋጠነው ቅጂ ደግሞ 117 ደቂቃ ገደማ ነው። ለአንዱ የተሠራ ሰብታይትል ሌላው ላይ ሲጫን በየአሥር ደቂቃው 25 ሰከንድ ያህል እየተራራቀ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ ይለያያል። ጠያቂው የሚዘገይ ነው ስላለ፣ በእጁ ያለው ፈጣኑ ቅጂ ሆኖ ሰብታይትሉ ለዝግተኛው የተሠራ ነው። ማረጋገጫው የፋይሉን ርዝመት ማየት ነው፤ 1 ሰዓት ከ57 ከሆነ ግምቱ ልክ ነው። መድኃኒቱ ሰብታይትል ኤዲት በተባለው ነፃ ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ፣ የፍሬም ፍጥነት መቀየሪያው ላይ ከ23.976 ወደ 25 ብሎ፣ በሌላ ስም ማስቀመጥ። ዋናው ፋይል ላይ ደርቦ ማስቀመጥ አይገባም፤ አቅጣጫው ከተገለበጠ ስህተቱ እጥፍ ይሆናልና።

አማርኛ ሰብታይትል ለሚሠሩም ጨመረላቸው። ፊደሉ በሣጥን ወይም በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ከመጣ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የጥያቄ ምልክትና የተዘበራረቀ ፊደል የሚመጣው ፋይሉ የግዕዝ ፊደልን በሚይዘው ዩቲኤፍ-8 በተባለው የጽሑፍ አቀማመጥ ስላልተቀመጠ ነው፤ ባዶ ሣጥን የሚመጣው ግን ማጫወቻው የመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። ለመጀመሪያው ዋናውን ጽሑፍ እንደገና በዩቲኤፍ-8 ማስቀመጥ፣ ለሁለተኛው በሰብታይትል ምርጫው ውስጥ ኒያላን ወይም ኢብሪማን መምረጥ ይበቃል። ሁለቱን አምታቶ አንዱን በሌላው መድኃኒት የሚያክም ሰው ማታውን ሙሉ ይለፋል።

መልስ 6 ንግግሩ አይሰማም ለተባለው ነው። ፋይሉ የሲኒማውን 5.1 ድምፅ የያዘ ከሆነ ስድስት መስመር አለው፤ ንግግሩ በብዛት የሚቀመጠው መሀለኛው መስመር ላይ ነው። ስልክ ወይም ላፕቶፕ ሁለት ድምፅ ማውጫ ብቻ ስላለው ስድስቱን ወደ ሁለት መቀላቀል አለበት። ማጫወቻው መሀለኛውን ጥሎ ግራና ቀኙን ብቻ ከወሰደ የእግር ኮቴና ንፋስ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ሰው ሲናገር ግን ከሩቅ ክፍል የሚያወራ ይመስላል። ምልክቱ ይህ ከሆነ ድምፅ ጨምሩ የሚለው ምክር አይሠራም፤ ሲጨምሩት ተኩሱ ጆሮ ይበሳል። የሚሻለው ፋይሉ ሁለተኛ የስቴሪዮ ድምፅ እንዳለው በድምፅ ትራክ ዝርዝሩ ውስጥ አይቶ ያንን መምረጥ ነው። ከሌለ ሁለት መስመር ብቻ ያለው ሌላ ቅጂ መፈለግ። ቪኤልሲ ላይ ያለው ኮምፕረሰር ዝቅ ያለውን አንስቶ ከፍ ያለውን ስለሚጫን ንግግሩን ያሰማል፤ ለዚህ ፊልም ግን እሱን የመጨረሻ አማራጭ አድርጉት ይላል። ዝምታውንም አብሮ ያነሳዋልና ሹክሹክታና ተኩስ ቁመታቸው እኩል ይሆናል፣ የሆቴሉ ትዕይንትም ይሞታል። ይህ ማስጠንቀቂያ ወርቅ ነው፤ ብዙ መካሪ መፍትሔውን ይናገራል፣ መፍትሔው የሚያጠፋውን አይናገርም።

ይኸው ሰው ስለ ሙዚቃውም ጻፈ። የካርተር በርዌል ሙዚቃ የመጨረሻውን የስም ዝርዝር ጨምሮ 16 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ማደያው ላይም ከሥር የሚሰማ ወፍራም ድምፅ አለ። በርዌል ያንን ድምፅ የቃኘው በፍሪጅ እርግብግቢት፣ በ60 ኸርዝ ነው። ተመልካቹ ሙዚቃ መሆኑን ሳያውቅ ደረቱ ይጨነቃል።

መልስ 7 ከቡሬ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሰው መሆኑ ከመጀመሪያው ቃሉ ይታወቃል። 60 ኸርዝ የአሜሪካ መስመር ነው፤ የእኛ 220 ቮልት በ50 ኸርዝ ስለሆነ እኛ ቤት ያለው ፍሪጅ የሚያንጎራጉረው በሌላ ቅኝት ነው። በዚያ ላይ በመልስ 5 የተጠቀሰው ፈጣኑ ቅጂ፣ የድምፁ ቅኝት ካልተስተካከለለት፣ 60ውን ወደ 62.5 ያህል ያወጣዋል፤ የሁሉም ሰው ድምፅ በትንሹ ይቀጥናል። ከሁሉም በላይ ግን የስልክ ድምፅ ማውጫ እንዲህ ያለውን ወፍራም ድምፅ ጨርሶ አያወጣም። ስፒከሩ ትንሽ ስለሆነ ያን ያህል አየር መግፋት አይችልም። በስልኩ ስፒከር ያየ ሰው ማደያውን ያየው ግማሹን ሙዚቃ ሳይሰማ ነው። የሁለት መቶ ብር ኢርፎን እንኳ ከዚያ ይሻላል ሲል ጨረሰ።

መልስ 8 ቁጣ ነው። ሰውየው የጠየቀው ስለ ታሪኩ፣ እናንተ የምትመልሱት ስለ ኬብል ሲል መልስ 5ን፣ 6ንና 7ን በአንድ ላይ ወቀሰ። ኢርፎን ተደረገም አልተደረገ ሞስ ሲሞት አይታይም። ልብ አንጠልጣይ ፊልም ከተመልካቹ ጋር ውል አለው፤ አዳኝና ታዳኝ ብለህ ካፋጠጥክ ማፋጠጡን ታሳየኛለህ። ይህን ውል ያፈረሰ ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ኖሮ አልቻለበትም ይባል ነበር፤ ኦስካር ስለያዘ ብቻ ጥልቅ ተባለ ይላል። አነጋገሩ ሻካራ ነው፣ ጥያቄውን ወደ ቦታው መመለሱ ግን ተገቢ ነበር።

ለዚህ ነው መልስ 9 የመጣው፤ በክሩ ውስጥ ረጅሙና እኔም በዋናነት የምቆምለት እሱ ነው። ጸሐፊያቸው በዕድሜ የገፉ ናቸው መሰለኝ፤ ከእሳቸው በኋላ የጻፉት ሁሉ ጋሼ እያሉ ነው የጠሯቸው። ፊልሙ በማን ድምፅ እንደሚጀምር ልብ በሉ ይላሉ። ገና ባዶው የቴክሳስ ሜዳ ሲታይ የምንሰማው ሸሪፍ ቤልን ነው፤ የሚዘጋውም እሱ ነው። ሞስ በመሀል የመጣ እንግዳ ነው። የቤል ዕጣ ደግሞ ሁልጊዜ ዘግይቶ መድረስ ነው። እዚህ ላይ የሞስን ተጎታች ቤት አነሱ። ሺጉር ገብቶ ከፍሪጁ ወተት አውጥቶ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ በጠፋው ቴሌቪዥን መስታወት ውስጥ የራሱን ጥላ እያየ ይጠጣል። ከዚያ ቤልና ረዳቱ ይደርሳሉ። የወተቱ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ገና ላብ አውጥቶ እንደቆመ ነው። ረዳቱ ለጥቂት አመለጠን ብሎ ይንገበገባል፤ ቤል ግን እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ ከዚያው ወተት ለራሱ ቀድቶ፣ በዚያው መስታወት የራሱን ጥላ ያያል። የፊልሙ ሕግ እዚያ ላይ ተጽፏል ይላሉ ጋሼ፤ ቤል ገዳዩ በነበረበት ቦታ ይደርሳል፣ ገዳዩ ባለበት ሰዓት ግን አይደርስም። ስለዚህ ሞቴሉም ጋ ሲደርስ መኪናው እየከነፈ ሲወጣ ብቻ ያያል። እኛም ከእሱ ጋር ዘግይተን ደረስን። ሞቱ ቢታይ ኖሮ የሞስ ፊልም ይሆን ነበር፤ ባለመታየቱ የቤል ሆነ።

መልስ 10 ይህን በአክብሮት፣ ግን አጥብቆ ተቃወመ። ጋሼ፣ ሕጉ ያ ከሆነ ፊልሙ ራሱ አላከበረውም ይላል። ቤል የሆቴሉን ተኩስ አላየም፣ እኛ አይተናል። ቤል ማደያው ላይ አልነበረም፣ እኛ ነበርን። በወንዙ ውሻው ሞስን ሲያሳድደው ቤል የት ነበር? አንድ ሰዓት ተኩል ሁሉን አሳይቶን፣ አንዷን ዋና ሰዓት ስትደርስ በቤል ዓይን እይ ማለት ሕግ ሳይሆን ምርጫ ነው፤ ምርጫ ደግሞ ሊተች ይችላል። በመልስ 9 ከተባለው ጋር ብስማማም ለዚህ ጥያቄ ሙሉ መልስ የሰጠ ሰው በክሩ ውስጥ አላገኘሁም። ይህን ያህል ጠንካራ ተቃውሞ ፊልሙን ከሚወቅሱት ወገን በመምጣቱም ደስ ብሎኛል፤ መልስ 8 በቁጣ የጀመረውን ይህኛው በመረጃ ጨረሰው።

መልስ 11 ያለ መግቢያ ስለ መሣሪያ ይጀምራል። ሺጉር የሚይዘው ድምፅ ማፈኛ የተገጠመለት ጠመንጃ ሬሚንግተን 11-87 ነው፤ ያ ሞዴል የወጣው በ1987 ሲሆን ታሪኩ የሚፈጸመው በ1980 ነው። መልስ 1 ዘመኑን በሳንቲም ነገሩን ብሎ ያደነቀውን ፊልም ጠመንጃው ሰባት ዓመት ያስቀድመዋል ሲል ነቀፈ። መልስ 1 ራሱ አልመለሰም። በታሪኩ ላይ የሚያጎድለው ነገር ያለ አይመስለኝም፤ የተባለው ግን እውነት ነው።

መልስ 12 ከዳንግላ፣ የእንስሳት ሕክምና ሰው፣ ሺጉር ሰው ወደሚገድልበትና በር ወደሚከፍትበት የአየር መሣሪያ ገባ። ዕቃው ለከብት ማደንዘዣ የሚሠራ እውነተኛ መሣሪያ ነው፤ ብረቱ በከብቱ ግንባር ላይ ተወርውሮ የራስ ቅሉን በስቶ ወዲያው ወደ ውስጥ ይመለሳል። ጥይት የለውም፣ ፖሊሶቹ ሬሳው ውስጥ ጥይት ያጡትም ለዚህ ነው። ቤል ለካርላ ጂን ስለ በሬ አራጁ ሰው ሲያወራ ጨዋታ ይመስላል እንጂ መልሱን በእጁ ይዞታል፤ አዛውንቱ ሸሪፍ ዘገምተኛ ናቸው ብሎ የናቃቸው ተመልካች ያንን ወሬ እንደገና ያድምጥ ይላል። ፊልሙ የሚያጋንነው ሌላ ቦታ ነው። በቄራ ያለው የአየር መሣሪያ ከአየር መጭመቂያ (ኮምፕረሰር) መስመር ጋር የተያያዘ ነው፤ ብዙ ቦታ የሚሠራበት ደግሞ በባሩድ ካርትሬጅ የሚሠራው ዓይነት ነው። በእጅ የሚንጠለጠል ጋን ውስጥ ያለው አየር በተተኮሰ ቁጥር ግፊቱ እየወረደ ስለሚሄድ በየበሩ የሰራቱራ ሲሊንደር እያወለቀ ከከተማ ከተማ አያዘዋውርም። ሰራቱራውም ይለያያል፤ ሲሊንደሩ በአንዲት ቀጭን ቪት የተያዘ ከሆነ ሊወጣ ይችላል፣ ከኋላ በብሎን የታሰረ ከሆነ ግን እንዲያ ተወርውሮ ሞስን አይመታውም።

መልስ 13 ክሩን ከቴክሳስ ነቅሎ ጎጃም አመጣው። ይህ ፊልም ለእኛ አገር ሰው የማይዋጠው ደም ሳይደርቅ ስለሚያልቅ ነው ይላል። በእኛ ዘንድ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር አገር ዝም አይልም፤ ድሮ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይገባም፤ እርሻው ይቆማል፣ ከብቱ ይራባል፣ በመጨረሻ የሚያውቀው ያወጣል። እንዲህ ካለ አገር የመጣ ተመልካች ሺጉር ክንዱ ተሰብሮ እያነከሰ በመንደሩ መንገድ ሲሄድና የሚጠይቀው ሲያጣ ሊረካ አይችልም። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዳሩ ግን መልስ 9ን የጻፉትን አዛውንት የፈረንጅ ጠበቃ ብሎ በነገር ወጋቸው። ያ አላስፈላጊ ነበር።

መልስ 14 በዚያ ተቆጥቶ ነው የጻፈው፤ ከቢቸና ነው። መጀመሪያ ትልቅ ሰው አይዘለፍም አለ። ከዚያ ጎጃሜን ሁሉ ወክለህ አትናገር፣ የደሙንም ነገር ግማሹን ነው የነገርከን ብሎ ቀጠለ። ገዳይ ሸፍቶ ዱር ይገባል፣ ደም መላሽ ዓመታት ይጠብቃል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ካህናት መስቀል ይዘው ይገባሉ፣ ካሳ ተቆርጦ ይታረቃል። እዚህ ሁሉ ውስጥ የገዳዩ መያዝ የለም፤ ያለው የሟች ወገን በቃኝ ማለቱ ነው። ይህ ደግሞ ፊልሙ ውስጥ አለ። ቤል ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ወዳለው፣ የቀድሞ ሕግ አስከባሪ ወደሆነው ዘመዱ ወደ ኤሊስ ሄዶ፣ በጥይት የመታህ ሰው ከእስር ቢወጣ ኖሮ ምን ታደርገው ነበር ብሎ ይጠይቀዋል። ኤሊስ ምንም አላደርገውም ይላል፤ የተወሰደብህን ለማስመለስ ስትሮጥ የበለጠ ይወጣብሃል፣ አንድ ቦታ ላይ ደሙን አስረህ ማቆም አለብህ የሚል መንፈስ ያለው መልስ ይሰጠዋል። በ1909 ደጁ ላይ ስለተገደለው ዘመዳቸውም ይነግረዋል፤ ይህ ክፋት ዛሬ የመጣ አይደለም ለማለት። ሽምግልና ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ትዕይንት ከማንም በላይ ይረዳዋል፤ ረጅምና አሰልቺ ነው ተብሎ የሚታለፈውም እሱ ነው ሲል ጻፈ። መልስ 13 ተመልሶ ስለ ኤሊስ የተባለውን ተቀበለ፣ ስለ ዘለፋው ግን ቃል አልተነፈሰም።

መልስ 15 ወደ ርዕሱ ተመለሱ ብቻ ይላል።

መልስ 16 ጠያቂው ራሱ ነው። ፋይሉ 1 ሰዓት ከ57 ሆኖ ተገኝቷል፤ ሰብታይትሉን በተባለው መንገድ ቀይሮት ተስተካክሏል፤ ድምፁንም ወደ ስቴሪዮው ትራክ ቀይሯል። የአሮጊቷን ትዕይንት እንደገና አይቶ ስለ ሜክሲኮዎቹ የነበረውን ቅሬታ አነሳ። የሞስ ነገር ግን አሁንም አልተዋጠለትም፤ መልስ 10ን ደግፎ ቆመ። በስልክ ነው ያየኸው እየተባለ ለተሰነዘረበት ንቀት ደግሞ ጠንከር ያለ መልስ ሰጠ፦ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ባትሪ ያለው ዕቃ ስልክ ነው፣ በስልክ ያየ ሰው ሐሳብ የለውም ማለት አይደለም። ትክክል ተናግሯል።

መልስ 17 የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ለምን እንዳስፈለገ ከሌላ በኩል አሳየ። ሞስ ከሞተ በኋላ ካርላ ጂን አለች። ፊልሙ በተሠራበት በኮርማክ ማካርቲ መጽሐፍ ውስጥ ሺጉር ሳንቲሙን ሲወረውር ትገምታለች፣ ትሳሳታለችም። በፊልሙ ግን አልገምትም ትላለች፤ የምትወስነው አንተ ነህ እንጂ ሳንቲሙ አይደለም ብላ ትመልስለታለች። የማደያው ሽማግሌ ያልቻለውን እሷ አደረገችው። ሞቷም አይታይም። ሺጉር ከቤቱ ወጥቶ በረንዳው ላይ የጫማውን ሶል አንዱን ከዚያም ሌላውን ገልብጦ ያያል፣ አለቀ። ይህ ሰው ጫማው ደም እንዳይነካ ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ቀደም ሲል በሆቴሉ አይተናል፤ ገንዘቡን እንዲያስመልስ የተቀጠረውን ዌልስን ገድሎ ስልክ ሲያነጋግር ደሙ ወደ እሱ ሲፈስ እግሮቹን አልጋው ላይ ያነሳል። ስለዚህ ሶሉን ማየቱ ብቻውን ይበቃል። ሞስ በተኩስ መሀል ሲሞት ቢታይ ኖሮ ይህ የሶል ነገር ተመልካቹ ላይ ይህን ያህል አይከብድም ነበር ይላል መልስ 17፤ መልስ 10ን ባይረታውም ጎኑን የነካው እሱ ነው።

መልስ 18 አዲስ ጥያቄ ከፈተ። ቤል በሌሊት ወደ ሞቴሉ ሲመለስ፣ ሰራቱራው ተነቅሏል፣ ሺጉርም በጨለማ ቆሞ ይታያል፤ ቤል ሲገባ ግን ክፍሉ ባዶ ነው። የት ሄደ? ጸሐፊው ስክሪናችሁን ሳታደምቁ አትፍረዱ ይላል፤ ሮጀር ዲኪንስ የቀረጸው ጨለማ በስልክ ላይ ጭራሽ ጥቁር ይሆናል። ብርሃኑን ወደ መጨረሻ ከፍ ማድረግ፣ በዙሪያ ያለውን መብራት ማጥፋት፣ ባትሪ መቆጠቢያውን መዝጋት፤ እሱ ሳይነገር ስክሪኑን ያደበዝዛልና። ያኔ ወለሉ ላይ የተፈታው የአየር ማስገቢያ ፍርግርግና አጠገቡ ያለው ሳንቲም ይታያል። ሞስ በመጀመሪያው ሞቴል ገንዘቡን የደበቀው እንዲህ ካለ ፍርግርግ ጀርባ ነበር፤ ሺጉር እዚያም ካቻቪቴ ሳይዝ ቪቱን በሳንቲም ነው የፈታው። ገንዘቡን ወስዷል ማለት ነው።

መልስ 19 ሌላ ማስረጃ ጨመረ፤ ከመኪና ግጭቱ በኋላ ሺጉር የልጁን ሸሚዝ ለመግዛት ትልቅ ኖት ይሰጠዋል፣ ያም ከሻንጣው የወጣ ነው አለ። መልስ 20 ይህን አልተቀበለም፦ ነፍሰ ገዳዩ የራሱም ኪስ አለው፤ የሚያሳምነው ፍርግርጉ ነው እንጂ ኖቱ አይደለም። ሺጉር በዚያ ቅጽበት የት ነበር ለሚለው ግን በሩ በስተኋላ ነበር የሚሉና በሌላ ክፍል ነበር የሚሉ ለሁለት ተከፍለው ገና እየተከራከሩ ነው።